ካርስት ምንድን ነው? ውሃ የቀረጻቸው የደቡብ ቻይና ተራሮች

ዩሎንግ ወንዝ ዳር ብስክሌቴን አቆምኩና ወደ አንዱ ተራራ ግርጌ ሄድኩ። ቦታው ያንግሹዎ አካባቢ ነው፤ ጓንግሺ በሚባለው የደቡብ ቻይና ክልል። ተራራው ከእርሻው መሃል ቀጥ ብሎ ወጥቷል። ቀስ እያለ የሚያድግ ዳገት የለውም። እርሻው ያልቃል፣ ገደሉ ይጀምራል። ተጠግቼ ሳየው ከጉልበቴ ከፍታ ላይ ድንጋዩ ወደ ውስጥ ተቦርብሯል። ሰው ጎንበስ ብሎ ይገባበታል። ወለሉ እርጥብ ጭቃ ነው። ጣሪያው ደግሞ አናጢ እንደላገው ጣውላ ልስልስ ያለ ነው። እጄን ሰድጄ ዳሰስኩት፤ አንድም ሹል ነገር የለውም።

ይህን እስካይ ድረስ ተራራ ሲባል ከታች ወደ ላይ የወጣ ነገር ይመስለኝ ነበር። ያደግንበት አገርም ያስለመደን ይህንኑ ነው። የሰሜን ተራሮች እሳተ ገሞራ የተፋው ቅልጥ አለት ተደራርቦ የሠራቸው ናቸው። የያንግሹዎና የጎረቤቷ የጉይሊን ከተማ ተራሮች ታሪክ ግን የተገላቢጦሽ ነው። እውነት ነው፣ ምድሪቱ በሙሉ በዘመናት ብዛት ከፍ ብላለች። እያንዳንዱ ተራራ ግን ለብቻው አልተነሳም። በዙሪያው የነበረው ድንጋይ ነው ሟሙቶ የሄደው። ዛሬ የምናየው የተረፈውን ነው።

ካርስት ማለት ይኸው ነው። ውሃ ሊያሟሟው በሚችል ድንጋይ ላይ የተሠራ፣ ውሃውም ከላይ ሳይሆን ከውስጥ የሚሄድበት መሬት። ቃሉ የመጣው ከአውሮፓ ነው። በስሎቬኒያና በጣሊያን ድንበር ላይ፣ ትሪየስት ከተማ አጠገብ፣ ክራስ የሚባል ደጋ አለ። ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ካርስት ይሉታል። የምድር ሊቃውንት ይህን ዓይነት መሬት መጀመሪያ በደንብ ያጠኑት እዚያ ስለነበር ስሙ ለዓለም ሁሉ ቀረ። ቻይናዎችም ‘ካሲተ’ ይሉታል። የራሳቸውም ቃል አላቸው፤ ‘የንሮንግ’፣ ማለትም የድንጋይ መሟሟት። እኔ የእነሱን እመርጣለሁ። ነገሩን በሁለት ቃል ጨርሶታል።

ድንጋይ እንዴት ይሟሟል? ዝናብ ሲወርድ ከአየር ላይ ትንሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወርዳል። አፈር ውስጥ ሲገባ ደግሞ ከዕፅዋት ሥርና ከብስባሽ ብዙ እጥፍ ያገኛል። ይህ ጋዝ አምቦ ውሃ ሲከፈት የሚንፏፏው ነው። እንግዲህ ድንጋዩ ጋ የሚደርሰው ውሃ በጣም የሳሳ አምቦ ውሃ ነው ቢባል ያስኬዳል። ለምላስ የማይታወቅ ትንሽ አሲድ አለው። ለኖራ ድንጋይ ግን ያ ትንሽ ይበቃዋል። የጉይሊን አለት በአብዛኛው የኖራ ድንጋይ ነው። ከ300 ሚሊዮን ከሚበልጥ ዓመት በፊት አካባቢው ሞቃትና ጥልቀት የሌለው ባሕር ነበር። የባሕር ፍጥረታት ዛጎልና አጽም ወለሉ ላይ ተከምሮ፣ ተጫጭኖ አለት ሆነ። ውሃው በስንጥቁ ይገባል፣ ስንጥቁን ያሰፋል፣ የሰፋው ስንጥቅ ብዙ ውሃ ይስባል። ያ ሲቀጥል ስንጥቁ ዋሻ፣ ዋሻው የወንዝ መንገድ ይሆናል።

የመሟሟቱን ተቃራኒም እናውቀዋለን። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ውሃ ደጋግመን ስናፈላ ግድግዳው ላይ ነጭ ቅርፊት ይቀራል አይደል? ያ ቅርፊት በውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረ ኖራ ነው። ዋሻ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ እሳት ግን አያስፈልገውም። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ ጋዙን ለዋሻው አየር ሲለቅ የተሸከመውን ኖራ መያዝ ያቅተዋል። እዚያው ጥሎት ይወድቃል። ጠብታ በጠብታ ላይ ከጣሪያው እንደ ሻማ የተንጠለጠለ፣ ከወለሉ ደግሞ እንደ ጉልላት የቆመ ድንጋይ ይሠራል። አንድ ክንድ ለማደግ ብዙውን ጊዜ ሺህ ዓመታት ይፈጅበታል። ዋሻ የሚገባ ሰው እባካችሁ በእጁ አይንካው። ከቆዳችን የሚወጣው ቅባት ውሃው እንዳይጣበቅ ያደርጋል፤ የተነካው ቦታ ማደጉን ሊያቆም ይችላል።

የእኛም አገር ይህን ያውቃል። ባሌ ውስጥ የሶፍ ዑመርን ዋሻ የሠራው ይኸው ሥራ ነው። የዌብ ወንዝ በኖራ ድንጋዩ ውስጥ ገብቶ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን መተላለፊያ ከፍቷል። እዚያ የገባ ሰው ጓንግሺ ውስጥ እንግዳ አይሆንም።

ቻይናዎች ተራሮቹን በሁለት ስም ይለያሉ። ፌንግሊን፣ የተራራ ደን፣ ሲሉ ሜዳ ላይ ተነጣጥለው የቆሙትን ማለታቸው ነው። ፌንግጾንግ፣ የተራራ ዘለላ፣ ሲሉ ደግሞ ከግርጌ የተያያዙትን፣ በመሃላቸው ጎድጓዳ ያላቸውን። ልዩነቱን የሚፈጥረው በአብዛኛው የከርሰ ምድሩ ውሃ ያለበት ከፍታ ነው። ውሃው ጥልቅ ከሆነ ዝናቡ ወደ ታች እየበላ ጎድጓዳ ይቆፍራል። ውሃው ከመሬቱ ገጽ ጋር ሲስተካከል ግን ወደ ታች የሚሄድበት የለውም። ስለዚህ ወደ ጎን ይበላል። የተራራውን እግር እየቦረቦረ፣ ከላይ ያለውን እየናደ፣ ሜዳውን ያሰፋዋል። እኔ እጄን የሰደድኩበት ያ ልስልስ ጣሪያ የዚህ ሥራ ምልክት ነው። ያንግሹዎ ዙሪያ ሜዳ ስላለ ነው ሩዝ የሚበቅለው፣ ብስክሌትም እንደ ልብ የሚነዳው።

ከጓንግሺ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ጉይዡ ክፍለ ሀገር ሲኬድ ግን ሜዳው ይጠፋል፤ ዘለላው ይበዛል። ስለ ካርስት ስናወራ ፎቶ ላይ የማይታየው ጉዳይ ያለው እዚህ ነው። ጉይዡ ዝናብ አላጣችም። ስለ እሷ የሚነገረው የቆየ አባባል ‘ሦስት ቀን የጠራ ሰማይ፣ ሦስት ጫማ ደልዳላ መሬት የለም’ ይላል። እንዲህ እየዘነበ ግን የተራራው ሰው ውሃ ሲቸገር ኖሯል። የዘነበው ወዲያው በስንጥቁ ገብቶ ይጠፋል። ወንዙ አለ፤ ግን ከእግር በታች ብዙ ሜትር ወርዶ፣ በጨለማ ነው የሚሄደው። በዚያ የካርስት አገር የታወቀ አባባል አለ፦ ‘የላዩ ውሃ እንደ ዘይት ውድ፣ የታቹ ውሃ ሲጎርፍ ይሄድ።’

አፈሩም እንዲሁ ነው። የኖራ ድንጋይ ሲሟሟ አብዛኛው በውሃው ተጠርጎ ስለሚሄድ ለአፈር የሚተርፈው ጥቂት ነው። ዛፉ ሲቆረጥ ያ ጥቂቱም ታጥቦ በስንጥቁ ይገባል። አለቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ይህን ‘ሽሞኋ’ ይሉታል፣ መሬት ወደ ድንጋይ በረሃ መለወጥ። አንድ ቁልቁለት ላይ ከሁለት ቋጥኝ መሃል የበቀለ በቆሎ አየሁ። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት፤ አራት አገዳ ነው። አፈሩ ከአንድ ሌማት አይበልጥም። ዙሪያው ግን በትናንሽ ድንጋይ ታጥሯል፤ ዝናብ እንዳይወስደው። እነዚያን ድንጋዮች አንድ ባንድ የደረደረው ሰው እጅ ታየኝ። ‘አንድ ሳህን አፈር፣ አንድ ሳህን ሩዝ’ የሚል አባባል አላቸው። እዚያ ቆሞ ለሰማው የዘይቤ ንግግር አይደለም።

እዚያው ጉይዡ ውስጥ፣ ዙንዪ አካባቢ፣ ሁዋንግ ዳፋ የሚባል የመንደር መሪ ነበር። መንደሩ በውሃ እጥረት የተቸገረ ስለነበር ከሌላ ተራራ ውሃ ለማምጣት ተነሳ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው የመጀመሪያ ሙከራ አልተሳካም። ሰውየው ተስፋ አልቆረጠም። ዕድሜው ሃምሳን ካለፈ በኋላ የውሃ ቦይ አሠራር ሊማር ሄደ። በ1992 ሥራው እንደገና ተጀመረ። ገደል ላይ በገመድ ተንጠልጥለው፣ ድንጋዩን እየፈለጡ፣ 7,200 ሜትር ዋና ቦይ ሠሩ። በ1995 ቦዩ ተጠናቀቀ፤ መንደሩም ውሃ አገኘ። ጉይዡ ሄዶ ገደል ላይ እንደ ቀበቶ የተጠመጠመ ቦይ የሚያይ ሰው ይህን ታሪክ ቢያስታውስ ደስ ይለኛል። ፎቶ የምናነሳው ውበት የሰው ኑሮ ያለበት ነው።

አንዳንዴ ከመሬቱ በታች ያለው ዋሻ ጣሪያው ይናድና ግዙፍ ጉድጓድ ይከፈታል። ይህን ቲየንከንግ ይሉታል፣ ‘የሰማይ ጉድጓድ’። ቃሉ ዛሬ የዓለም የዋሻ አጥኚዎች ሁሉ ቃል ሆኗል። ከጉይዡ በስተ ሰሜን ባለው በቾንግቺንግ፣ ፌንግጂዬ በሚባለው ወረዳ ያለው ሺያውጃይ ከ600 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ከሥሩ ወንዝ ይሄዳል።

ጎድጓዳ ደግሞ ለሌላ ነገር ጠቅሟል። ጉይዡ ውስጥ ፒንግታንግ ወረዳ፣ ዲያሜትሩ 500 ሜትር የሆነ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ በተፈጥሮ ጎድጓዳ ላይ ተዘርግቷል። በ2016 ነው የተጠናቀቀው። የሐሳቡ ባለቤት የሥነ ፈለክ ሊቁ ናን ሬንዶንግ ተስማሚውን ቦታ ለማግኘት ከአሥር ዓመት በላይ በእነዚህ ተራሮች ተመላልሷል። ለምን ካርስት? ጎድጓዳው በራሱ ክብ ስለሆነ ቁፋሮ ይቀንሳል። ከዚያም በላይ፣ ያ ገበሬውን የሚያስለቅሰው ስንጥቅ እዚህ ውለታ ይሠራል፤ የዝናቡን ውሃ ይውጠዋል፣ ሳህኑ ሥር ኩሬ አይተኛም። ጎብኚ ስልክና ካሜራውን አስቀምጦ ነው የሚቀርበው፤ ቴሌስኮፑ የሚቀበለው በጣም ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ስለሆነ።

ይህን አገር በእግሩ እያየ የጻፈው ሹ ሺያኬ ነው። የሚንግ ሥርወ መንግሥት ሰው ነበር፣ ከ1587 እስከ 1641 የኖረ። በ1636 ወደ ደቡብ ምዕራብ ተነሳ። መንገድ ላይ ተዘረፈ። አብሮት የነበረው መነኩሴ ሞተበት። እሱ ግን በመቶ የሚቆጠሩ ዋሻዎች ውስጥ ችቦ ይዞ ገባ፣ በእርምጃው ለካ፣ ጻፈ። የዋሻው ድንጋይ ከሚንጠባጠብ ውሃ እንደሚሠራ በዚያ ዘመን አስተውሏል። በመጨረሻ እግሩ አልሄድ ብሎት ሰው ተሸክሞት ነው ቤቱ የገባው።

መሄድ ለሚፈልግ አገሩ ሩቅ አይደለም። ለንግድ ጓንዡ የሚመላለሱ ብዙ ወገኖቻችን አሉ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከአዲስ አበባ ወደዚያ ይበርራል። ከጓንዡ ደቡብ ጣቢያ በፈጣን ባቡር ያንግሹዎ ወይም ጉይሊን በጥቂት ሰዓት ይደረሳል። ያንግሹዎ የሚባለው ጣቢያ ግን ከከተማዋ ራቅ ያለ ነው፤ የሚቀርበው ለሺንግፒንግ ነው። ሺንግፒንግ በ20 ዩዋን ኖት ጀርባ ያለው የሊ ወንዝ ዕይታ የሚገኝበት ነው። ብዙ ሰው ኖቱን ከፍ አድርጎ ይዞ ፎቶ ይነሳል። ሊ ወንዝ ላይ ‘የቀርከሃ ታንኳ’ የሚባለው በአብዛኛው የፕላስቲክ ቱቦ በሞተር ነው። በእውነተኛ ቀርከሃ፣ በእንጨት እየተገፋ መሄድ የሚፈልግ ወደ ዩሎንግ ይሂድ። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ዝናቡ ኃይለኛ ነው። በክረምታቸው፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ፣ ወንዙ ይሳሳል። ጥቅምት አካባቢ አየሩ ጥሩ ነው።

መብራትና ደረጃ የሌለው ዋሻ ውስጥ ግን ያለ አዋቂ አይገባም። ሰማዩ ከጠቆረ ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም። ዝናቡ ሩቅ ተራራ ላይ ወርዶ ዋሻው ውስጥ ሲደርስ ማስጠንቀቂያ የለውም።

ሌሊቱን ዘንቦ ካደረ ጠዋት ላይ አንድ ነገር አድርጉ። ማንኛውም መንደር አጠገብ ወዳለ ተራራ ግርጌ ሂዱና ምንጩን ፈልጉ። እኔ ያገኘሁት ምንጭ ቀን ላይ እንደ መስታወት የጠራ ነበር፤ ትናንሽ ዓሦች ሲዋኙ ይታዩ ነበር። ከዝናቡ በኋላ ሳየው ቡናማ ሆኖ፣ የቅጠል ብጣሽ እየተፋ፣ ከድንጋዩ ሥር እየተንደቀደቀ ይወጣል። የዚያ ቅጠል ዛፍ ከተራራው ማዶ ነው ያለው።