የሕክምና ምርምር በጎ አድራጎት ምንድን ነው?

ለታመመ ሰው ማዋጣት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ዕድሩ ያዋጣል፣ የሥራ ባልደረባ ያዋጣል፣ ውጭ ያለ ዘመድ ይልካል። «አንድ ብር ለአንድ ልብ» ሲባልም ብዙ ሰው ለልብ ሕሙማን ሕፃናት ከኪሱ አውጥቷል። ይህ ገንዘብ የሚሄደው ለሕክምና ነው። ታማሚው ይታወቃል፣ ሕክምናውም ይታወቃል፤ የጎደለው ገንዘቡ ብቻ ነው።

የሕክምና ምርምር በጎ አድራጎት ድርጅት ግን ገንዘቡን የሚያወጣው ገና መልስ ላልተገኘለት ጥያቄ ነው። መድኃኒት ለሌለው በሽታ፣ መንስኤው በቅጡ ላልታወቀ የአካል ጉዳት። ድርጅቱ የራሱ ሆስፒታል ላይኖረው ይችላል። ተመራማሪው ምን ማወቅ እንደፈለገ፣ እንዴት እንደሚያጠናው፣ ስንት እንደሚፈጅበት ጽፎ ያመለክታል። በሙያው ያሉ ሌሎች ሰዎች ይገመግሙታል። ካለፈ ለጥቂት ዓመታት ደመወዙ፣ የላቦራቶሪ ዕቃው፣ የመስክ ወጪው ይሸፈንለታል። አንዳንዱ ጥናት «በዚህ በኩል መንገድ የለም» የሚል መልስ ይዞ ይመጣል። ለጋሹ ይህን ከመጀመሪያው ቢያውቅ ጥሩ ነው። እንዲህ ያለ መልስም ቀጣዩን ተመራማሪ ከከንቱ ድካም ያድነዋል።

መንግሥትና የመድኃኒት ኩባንያ እያሉ ይህ ለምን አስፈለገ? ኩባንያ ገዢ ይፈልጋል። በሽታው ጥቂት ሰው ብቻ የሚይዝ ከሆነ፣ ወይም የሚይዘው ጫማ መግዣ የሌለውን ገበሬ ከሆነ፣ ገበያ የለም። የድሃ አገር መንግሥት ደግሞ ያለው በጀት ዛሬ ወረፋ ለያዘው ታማሚም አይበቃውም።

ለዚህ ከዝሆኔ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ሰው እግሩ ቀስ በቀስ ያብጣል። ቆዳው ይወፍራል፣ ይሰነጠቃል፣ ፈሳሽ ያወጣል፣ ይሸታል። በየጊዜው ትኩሳትና ከባድ ሕመም ይነሳበትና ከአልጋ ላይ ይጥለዋል። ከዚያ በላይ የሚያመው የሰው ፊት ነው። «ዘራቸው ነው» ይባላል። ልጆቹን የሚያገባ ይጠፋል።

ኤርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በ1970ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ የዚህ ዓይነቱ ዝሆኔ መነሻ ትልም ትንኝም እንዳልሆነ አሳየ። ጥፋቱ የአፈሩ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣው ደቃቅ ማዕድን በእግር ቆዳ ይገባና ከውስጥ ይጎዳል። ግን አንድ ትልቅ ጥያቄ ቀረ። መንደሩ ሁሉ በባዶ እግሩ እየሄደ አንዱን ይዞ ሌላውን ለምን ይተወዋል?

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ገንዘብ ካወጡት አንዱ ዌልካም ትረስት ነው። ሄንሪ ዌልካም የተባለ የመድኃኒት ነጋዴ በ1936 ሲሞት ሀብቱን ለጤና ምርምር ተናዞ ነበር፤ ድርጅቱ የቆመው በዚያ ገንዘብ ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ የወላይታ ታማሚዎችንና ጤነኞችን ዘረ መል አነጻጽረው ውጤቱን በ2012 አወጡ። አንዳንድ ሰው በተፈጥሮ ለአፈሩ ተጋላጭ ነው፤ ተጋላጭነቱም ይወረሳል። የአገሬው ግምት ግማሽ እውነት ነበረው ማለት ነው። ግን በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግም ይከላከለዋል። ለአንዲት ለትዳር ለደረሰች ልጅ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

ቀጥሎ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ወደ 700 የሚጠጉ ታማሚዎች የተሳተፉበት ሙከራ ተደረገ። ከዌልካም በተጨማሪ የብሪታንያ መንግሥት ገንዘብ ነበረበት። የተሞከረው ሕክምና እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ፀረ ተዋስያን ባለበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። በ2018 የወጣው ውጤት ሕክምናውን ባገኙት ላይ ሕመሙ የሚነሳበት ጊዜ መቀነሱን አሳየ። እግር መታጠብን ለመፈተሽ ይህ ሁሉ ወጪ ምን ይሠራል የሚል ይኖራል። ማስረጃ የሌለው ነገር በጀት አይያዝለትም፤ ጥቅሙ ይሄ ነው።

የገንዘቡ ምንጭ ሁልጊዜ የአንድ ሀብታም ኑዛዜ አይደለም። ራሳቸው በ39 ዓመታቸው በልጅነት ልምሻ (ፖሊዮ) ተይዘዋል የተባሉት ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1938 በአሜሪካ አንድ ድርጅት አቋቋሙ። ሕዝቡ ዳይም የምትባለዋን የ10 ሳንቲም ገንዘብ በፖስታ ወደ ዋይት ሀውስ እንዲልክ ተጠየቀ። ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ዳይም ጎረፈ። በኋላ ማርች ኦፍ ዳይምስ የተባለው ይህ ድርጅት የጆናስ ሶልክን የፖሊዮ ክትባት ምርምር ደገፈ። በ1955 ክትባቱ እንደሚሠራ ተበሰረ።

እኛም አገር ዘነበወርቅ፣ አለርት ሆስፒታል ግቢ አጠገብ፣ አርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም አለ። ሰው አህሪ ይለዋል። ዛሬ በጤና ሚኒስቴር ሥር ነው። በ1970 ሲቋቋም ግን የሥጋ ደዌን እንዲያጠና የረዱት የስዊድንና የኖርዌይ የሕፃናት አድን ድርጅቶች ነበሩ። ስሙም በ1873 የበሽታውን ባክቴሪያ ላገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም መታሰቢያ ነው።

የሚያከራክር ጎንም አለው። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ሳንባን በወፍራም አክታ የሚዘጋ የዘር በሽታ ነው። በአሜሪካ ለዚህ በሽታ የቆመው ፋውንዴሽን ቤተሰቦች ያሰባሰቡትን ገንዘብ አንድ የመድኃኒት ኩባንያ ላይ አፈሰሰ። ተሳካ። በ2012 የጸደቀው መድኃኒት ዋጋ ግን ለአንድ ሰው በዓመት ወደ 300 ሺህ ዶላር ሆነ። በ2014 ፋውንዴሽኑ ከሽያጩ የሚያገኘውን ድርሻ በ3.3 ቢሊዮን ዶላር ሸጠ። ገንዘቡ ለተጨማሪ ምርምር መዋሉ መልካም ነው። ቢሆንም ምርምሩን በመዋጮ የደገፈ ወላጅ መድኃኒቱን ሲገዛ ዋጋው ሊያስደነግጠው አይገባም ባይ ነኝ።

ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ድርጅት ከመስጠት በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። የትኛው ጥናት ገንዘብ ያግኝ የሚለውን ማን ይወስናል? ታማሚዎችስ በውሳኔው ድምፅ አላቸው? ያልተሳካው ጥናት ውጤትም ይወጣል? መድኃኒት ከተገኘ በዋጋው ላይ ከኩባንያው ጋር ምን ውል አለ? ብዙዎቹ የደገፏቸውን ጥናቶች ዝርዝርና ዓመታዊ የሂሳብ ሪፖርታቸውን ድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። ከዚያ መጀመር ይቻላል።