ቴክኒካል ራይቲንግ ምንድን ነው? ኮምቦልቻ ላይስ ልምዱ ከየት ይገኛል?

አንድ ፋብሪካ ውስጥ ቦይለር ላይ የቆየ ሠራተኛ አለ እንበል። የቱ ቫልቭ መቼ እንደሚከፈት፣ ድምፁ ሲለወጥ ምን እንደሚደረግ አሳምሮ ያውቃል። ጡረታ ሲወጣ እውቀቱም አብሮት ይሄዳል። ይህን እውቀት አዲስ ገቢ አንብቦ ሳይሳሳት እንዲሠራበት አድርጎ መጻፍ ቴክኒካል ራይቲንግ ይባላል። የማሽን ማንዋል፣ የሶፍትዌር መመሪያ፣ ፋብሪካዎች ኤስኦፒ የሚሉት የአሠራር ሰነድ፣ ሁሉም የዚህ ሙያ ሥራ ነው።

አንባቢው የሚያነበው እጁ ሥራ ላይ ሆኖ ነው። ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ድርጊት ብቻ ይይዛል። ቅደም ተከተሉ ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው። «ክዳኑን ክፈት። ከመክፈትህ በፊት ግን እንፋሎቱ መውጣቱን አረጋግጥ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ሁለተኛው ላይ እስኪደርስ ሰውየው ተቃጥሏል። ማስጠንቀቂያው መቅደም አለበት። «አስፈላጊው ጥንቃቄ ሊደረግ ይገባል» የሚለው የቢሮ አማርኛም እዚህ አይሠራም። ማን ነው የሚያደርገው? ምኑን? «ጓንት አጥልቅ» ቢባል ይበቃል።

ኮምቦልቻ ላይ «ቴክኒካል ራይተር እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ የምትጠብቁ ከሆነ ብዙ ትጠብቃላችሁ። ሥራው ግን ሞልቷል። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሁሉም በማሽንና በአሠራር የሚኖሩ ናቸው። አይኤስኦ 9001 የተባለውን ዓለም አቀፍ የጥራት ምስክር ወረቀት የሚፈልግ ድርጅት ደግሞ የጥራት ሥርዓቱን በሰነድ መያዝ ግዴታው ነው።

የኢንጂነሪንግ ተማሪ በሩ ተከፍቶለታል፤ ለኢንተርንሽፕ፣ ማለትም ለሥራ ላይ ልምምድ፣ መውጣቱ አይቀርም። ኮምቦልቻ ካለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እስከ ፋብሪካው ያለው መንገድም ሩቅ አይደለም። እኔን የሚያሳዝነኝ ያ ጊዜ ቆሞ በማየትና የድርጅቱን ታሪክ ሪፖርት ላይ በመገልበጥ ማለቁ ነው። ገና ስትገቡ ሱፐርቫይዘራችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፤ መመሪያው የጠፋ፣ ወይም ሠራተኛው በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ማሽን የትኛው ነው? አንዱን ብቻ ያዙ። ፋብሪካውን በሙሉ ልጽፍ ያለ ምንም ሳይጽፍ ይወጣል።

ከዚያ ከኦፕሬተሩ ጎን ቁሙና እያንዳንዷን እርምጃ መዝግቡ። «ጋሼ፣ ይህን መጀመሪያ ለምን ዘጉት?» በሉ። ባለሙያ ስለለመደው ብቻ ሳይናገር የሚያልፈው ነገር የሚወጣው «ለምን» ሲባል ነው። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ማሽኑን ለማያውቅ ሰው ስጡትና፣ ኦፕሬተሩ አጠገባችሁ ሆኖ፣ ዝም ብላችሁ እዩት። እንዳትረዱት! የሚደናቀፍበት ቦታ ጥፋቱ የጽሑፉ ነው። እውነተኛው ልምድ እዚህ ጋ ነው የሚገኘው፤ ከማንኛውም ሰርተፊኬት አስበልጠዋለሁ።

ሰነዱ የፋብሪካው ንብረት መሆኑን አትርሱ። ለሌላ ቀጣሪ ከማሳየታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ ምስጢር የሆነ ቁጥርና ስም አውጡ።

ደሴ ላይ ቋንቋ የምታጠኑስ? ኢንጂነሪንግ የሚማር ጓደኛ ፈልጉ። ኮምቦልቻ እንደሆነ የሐረጎን ተራራ ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እሱ አሠራሩን ያውቃል፣ እናንተ አጻጻፉን። ፋብሪካ ባይገኝም የጎረቤት ውሃ ፓምፕ ወይም ቴሌብር ለማያውቁ እናቶች የሚሆን መመሪያ ጥሩ ናሙና ይወጣዋል። ጉግል በነፃ የሚሰጠው የቴክኒካል ራይቲንግ ኮርስ አለ። ጊትሃብ በሚባለው፣ ፕሮግራመሮች ሥራቸውን በሚጋሩበት ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ሰነዳቸውን የሚያስተካክልላቸው ሰው የሚፈልጉ፣ ለማንም ክፍት የሆኑ የሶፍትዌር ፕሮጀክቶች አይጠፉም፤ እንግሊዝኛችሁ ደህና ከሆነ ሞክሩት።

ለመጀመሪያ ማመልከቻ ሁለት ሦስት ናሙና ይበቃል። እያንዳንዱ ላይ ለማን እንደተጻፈ፣ ማን እንደሞከረው፣ ከሙከራው በኋላ ምኑ እንደተለወጠ በአጭሩ አስፍሩ።