ቃል መለጠጥ ምንድን ነው?

ዓመት ተኩል የሆነው ልጅ አህያ አይቶ «ውው!» ሲል ቤተሰቡ በሳቅ ይፈርሳል። በጉም ውው ነው። ፒያሳ ላይ የሚያልፈው የጋሪ ፈረስም ውው ነው። እዚህ ቃል መለጠጥ የምለው ይሄንን ነው፦ ልጁ ያለችውን አንዲት ቃል ይዞ፣ ስም ላላገኘላቸው ነገሮች ሁሉ ያዳርሳታል። በየቋንቋው ያለ ነገር ነው፤ በአብዛኛው ከአንድ ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ይታያል።

ብዙ ሰው ታዲያ ልጁ ውሻና አህያ መለየት ያቃተው ይመስለዋል። እስቲ ሥዕል ደርድሩለትና «ውሻው የታል?» በሉት። አህያውን ውው ሲል የዋለው ልጅ፣ ብዙ ጊዜ ጣቱን ውሻው ላይ ያሳርፋል። የሚገባው ከሚናገረው ይበልጣላ! አፉን የፈታው ገና በቅርቡ ነው፣ «አህያ» የምትለዋን ወይ አልያዛትም ወይ ቶሎ አትመጣለትም፣ ስለዚህ የቀረበችውን ይወረውራል።

ደግሞ ዝም ብሎ አይለጥጥም። ብርቱካኑም፣ አምፖሉም፣ ጨረቃም «ኳስ» የሚሆኑት ክብ ስለሆኑ ነው። አባቱ ሲወጣ የተማራትን «ቻው» መብራት ሲጠፋም ይላታል፤ የሄደ ነገር ሁሉ ቻው ነው። ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው ማስታወሻ ላይ የራሱ ልጅ ልክ ዓመት ሲሞላው ምግብን «ማም» ማለት እንደጀመረ ጽፏል። በኋላ ስኳር «ሹ ማም» ተባለ።

የሚያሳፍረው «አባ» ሲለጠጥ ነው። ባጃጅ ውስጥ ሹፌሩን «አባ!» ሲለው እናት የምትገባበት ይጠፋታል። ግን ጎንደር ላይ ቄሱም መነኩሴውም አባ እየተባለ፣ በልጁ ምን ይፈረዳል?

ተቃራኒውም አለ፤ «ጫማ» የእናቱ ጫማ ብቻ የሆነበት ልጅ አይታችሁ ይሆናል።

ምን ይደረግ? «ውው አይደለም፣ አህያ በል!» እያሉ ማፋጠጥ አያስፈልግም። «አዎ፣ አህያ ነው። አህያው እንጨት ተሸክሟል፣ አየኸው?» ብሎ ማለፍ ይበቃል። ትክክለኛውን ቃል ሰማ፣ ወሬውም አልተቋረጠበትም። አክስቶች ግን ደስ ስለሚላቸው ብቻ ራሳቸውም አህያውን ውው ማለት ይጀምራሉ፤ ይሄ ነው የማይመቸኝ።

መለጠጡ ራሱ አያሳስብም። የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ በዓመቱ በጣቱ የማይጠቁም ወይም እጁን ለቻው የማያወዛውዝ፣ ሁለት ዓመት ሞልቶት እንደ «ውኃ ስጪኝ» ያለ ሁለት ቃል የማያገጣጥም፣ ወይም ይላቸው የነበሩትን ቃላት የተወ ልጅ። «ወንድ ልጅ ይዘገያል» እያሉ መቀመጥ የለም፤ ሐኪም ይየው፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ጆሮው ይመርመር።