የቬትናም ሲኒማ፦ ከጫካ ስቱዲዮ እስከ ቲኬት ገበያ ሽሚያ

የሄሊኮፕተር ድምፅ ሲሰማ ባልና ሚስቱ ልጃቸውን ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይከቱታል። የከረጢቱን አፍ ጨብጠው ይዘው ውሃ ውስጥ ይጠልቃሉ። ሄሊኮፕተሩ ሲያልፍ ብቅ ይላሉ፤ ከረጢቱ ይፈታል፤ ሕፃኑ ይተነፍሳል። አብሯቸው ትንፋሹን የማይቋጥር ተመልካች ያለ አይመስለኝም። ትዕይንቱ ቬትናማዊው ዳይሬክተር ንጉየን ሆንግ ሰን እ.ኤ.አ. በ1979 ከሠራው «ጠፍ ሜዳ» ከተሰኘው ፊልም ነው። በ1981 የሞስኮ ፊልም ፌስቲቫል የወርቅ ሽልማት ሰጥቶታል። መጨረሻ ላይ ሄሊኮፕተሩ ተመትቶ ሲወድቅ ከአሜሪካዊው አብራሪ ኪስ የሚስቱና የልጁ ፎቶ ይወጣል። የፕሮፓጋንዳ ፊልም ነው ብሎ ማለፍ የሚከብደው ለዚህ ነው።

የቬትናም ሲኒማ የተወለደው ጫካ ውስጥ ነው። ፈረንሳዮች በ1920ዎቹ ሃኖይ ላይ ፊልም ቀርጸው ነበር፤ የአገሬው ሰው ግን ልደቱን የሚቆጥረው ከመጋቢት 15 ቀን 1953 (እንደ ፈረንጆቹ) ነው። የዚያን ቀን ፈረንሳዮችን ጫካ ገብተው ይዋጉ የነበሩት መሪ ሆ ቺ ሚን የመንግሥት የፊልምና የፎቶግራፍ ድርጅት እንዲቋቋም ፈረሙ። የሰሜን ቬትናም የመጀመሪያ ልብ ወለድ ፊልም በ1959 ወጣ። ታሪኩ አገሪቱን ለሁለት የከፈለው ወንዝ ስለለያያቸው ፍቅረኞች ነው። የደቡቡ ዋና ከተማ ሳይጎንም የራሷ ኮከቦች ነበሯት። ታዋቂዋ ኪዩ ቺን በ1975 ከተማዋ በሰሜኑ ጦር ስትያዝ ተሰዳ በሆሊውድ ሠርታለች።

መንግሥት ሙሉ ወጪውን እስከሸፈነ ድረስ ፊልሙ በአብዛኛው ስለ ጦርነቱ ነበር። በ1986 የኢኮኖሚ ለውጡ መጣና ድጎማው ሳሳ። ያኔ በቪዲዮ ካሜራ በጥድፊያ የሚቀረጹ የፍቅርና የድብድብ ፊልሞች ገበያውን ሞሉት። ሕዝቡ «የፈጣን ኑድል ፊልም» አላቸው፤ እኛ ብንሆን «ኢንዶሚ» ብለን እንገላገላቸው ነበር።

በዚያው ሰሞን ፈረንሳይ ያደገው ቬትናማዊ ዳይሬክተር ትራን አን ሁንግ በካን ፊልም ፌስቲቫል ተሸለመ። የሚገርመው፣ ያ በ1993 የወጣ ፊልሙ የድሮዋን ሳይጎን የሚያሳየው ፓሪስ አጠገብ በተሠራ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። በ1995 ደግሞ የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫልን ከፍተኛ ሽልማት፣ የወርቅ አንበሳን ወሰደ።

ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የግል ኩባንያዎች ተፈቅዶላቸው ሜዳውን ይዘዋል። ኮሜዲያኑ ትራን ታን በ2024 ያወጣው ፊልም ከ500 ቢሊዮን ዶንግ (የቬትናም ገንዘብ) በላይ አስገብቷል። ሳንሱሩ ግን አልተነሳም። ውጭ አገር ሽልማት ያገኘ ፊልም አገር ቤት እንዳይታይ የሚከለከልበት ጊዜ ዛሬም አለ።