ስለ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ክበብ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ ገቢ ተማሪ ስለ ፊዚክስ ክበብ መጀመሪያ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ደጃፉን ረግጠው ከማያውቁ ሰዎች ነው። በዚህ ወሬ የተነሳ ክበቡን ሊጠቅም፣ እሱም ሊጠቀም የሚችል ተማሪ ሳይሞክረው ይቀራል። ይህ ስለሚያሳዝነኝ በተደጋጋሚ የሚነገሩትን አንድ በአንድ ላንሳ።

"ክበቡ ነጥባቸው ከፍ ላለ ተማሪዎች ነው"

አይደለም። አንድ ፕሮጀክት ቀመር የሚያወጣ ብቻ ሳይሆን ሽቦ በቀለጠ ብረት የሚያያይዝ (ሶልደር የሚያደርግ)፣ ኮድ የሚጽፍ፣ ሳጥን አስተካክሎ የሚቆርጥ፣ የተለካውን ሳይሰለች የሚመዘግብ ሰውም ይፈልጋል። ጆስሊን ቤል እ.ኤ.አ. በ1967 ፐልሳሮችን (እየተሽከረከሩ በየተወሰነ ጊዜ የሬዲዮ ምልክት የሚልኩ ኮከቦችን) ያገኘችው የዶክትሬት ተማሪ ሳለች ነበር። ከዚያ በፊት ግን ከባልደረቦቿ ጋር ምሰሶ በመዶሻ እየመታችና ሽቦ እየዘረጋች የሬዲዮ ቴሌስኮፑን ለመሥራት ሁለት ዓመት ገደማ ፈጅቶባታል። መሣሪያውን በእጁ የሠራ ሰው፣ የሚወጣውን ምልክት መቼ ማመን፣ መቼ መጠርጠር እንዳለበት ከሌላው ቀድሞ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

"ውድ ላብራቶሪ ከሌለ የሚሠራ ነገር የለም"

ብዙ ክበቦችን ገና ሳይጀምሩ የሚያስቆማቸው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ሃሮልድ ኢወንና ኤድዋርድ ፐርሴል ከህዋ የሚመጣውን የሃይድሮጂን የሬዲዮ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዙት ከኮምፖንሳቶና ከመዳብ በተሠራ፣ በሃርቫርድ ላብራቶሪ መስኮት በኩል ወደ ውጭ በወጣ የቀንድ ቅርጽ አንቴና ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ውኃው በአንቴናው በኩል ወደ ክፍሉ ይገባ ነበር። ያው ሞገድ፣ ርዝመቱ 21 ሴንቲሜትር፣ ድግግሞሹ 1420 ሜጋኸርዝ ገደማ የሆነው፣ ዛሬ ከካርቶንና ከአሉሚኒየም ፎይል በተሠራ ቀንድ፣ በአንድ የምልክት ማጉያና ኮምፒውተር ላይ በሚሰካ ርካሽ የቴሌቪዥን መቀበያ ይያዛል። ጋዙ ወደ እኛ ሲቀርብ ድግግሞሹ ከፍ፣ ሲርቅ ዝቅ ስለሚል፣ ይህን ተመልክቶ የጋላክሲያችን ክንዶች እንዴት እንደሚሽከረከሩ ማስላት ለተማሪዎች የሚቻል ሥራ ነው።

ለጀማሪ ክበብ ግን ከሁሉ የምመርጠው የጉም ሳጥን (ክላውድ ቻምበር) የሚባለውን፣ ዓይን የማያያቸው ቅንጣቶች ያለፉበትን መንገድ የሚያሳየውን መሣሪያ ነው። የሚያስፈልገው በደንብ የሚዘጋ ብርሃን አስተላላፊ ሳጥን፣ ከላይ በአይሶፕሮፒል አልኮል የራሰ ጨርቅ፣ ከሥር ደግሞ በደረቅ በረዶ (በጠጣር ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ላይ የተቀመጠ ጥቁር የብረት ሳህን ነው። የደረቅ በረዶው ሙቀት ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሆነ ወደ ታች የሚወርደው የአልኮል ተን ከመጠን በላይ ይቀዘቅዛል፤ ጠብታ ለመሆን መነሻ ብቻ ይጠብቃል። በኤሌክትሪክ የተሞላ ቅንጣት ሲያልፍ መንገዱ ላይ አዮኖችን (በኤሌክትሪክ የተሞሉ አቶሞችንና ሞለኪውሎችን) ይተዋል፤ ጠብታዎቹ በእነሱ ላይ ይሰበሰቡና ቀጭን ነጭ መስመር ይታያል። በባሕር ጠለል ከፍታ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ በደቂቃ አንድ ገደማ ሚዩዮን (ከህዋ የሚመጣ ጨረር ከባቢ አየሩን ሲመታ የሚፈጠር ቅንጣት) ያልፋል። ካርል አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1932 ፖዚትሮንን (ፖዘቲቭ ሙል ያለውን የኤሌክትሮን አቻ) ያገኘው በእንዲህ ዓይነት መሣሪያ ውስጥ፣ ማግኔት ተጨምሮበት፣ የተጠመዘዘ መስመር አይቶ ነው።

ይህም ካልተገኘ ስልክ አለ። በአብዛኞቹ ስማርት ስልኮች ውስጥ ያለው የፍጥነት ለውጥ መለኪያ ሴንሰር ብቻውን ለብዙ ሙከራዎች ይበቃል።

"ውጤቱ ከመጽሐፉ ጋር ካልገጠመ ሙከራው ከሽፏል"

በፔንዱለም (በክር ተንጠልጥሎ በሚወዛወዝ ኳስ) የምድር ስበት የሚያስከትለውን የፍጥነት ለውጥ የለካ ቡድን በሰከንድ ካሬ 9.81 ሜትር ይጠብቅና 9.4 ያገኛል። ብዙዎች እዚህ ላይ አፍረው ቁጥሩን "ያስተካክላሉ"። ትምህርቱ ግን የሚጀምረው እዚህ ነው። ክሩ 50 ሴንቲሜትር፣ የኳሱ ሬዲየስ 2 ሴንቲሜትር ከሆነና ርዝመቱ እስከ ኳሱ መሃል ሳይሆን እስከ ክሩ ጫፍ ብቻ ከተለካ ውጤቱ 9.43 ይወጣል። ፔንዱለሙ በ45 ዲግሪ ከተወዛወዘ ደግሞ የአንድ ውዝዋዜ ጊዜ ቀለል ያለው ቀመር ከሚለው በ4 በመቶ ገደማ ይረዝማል፤ ስበቱም ወደ 9.1 የወረደ ይመስላል። ስለዚህ የተዛባው ቁጥር ስህተቱ የት እንደተፈጠረ ይጠቁማል። በክፍል ላብራቶሪ ሰዓቱ ያልቅና ሪፖርት ይጻፋል፤ ክበብ ውስጥ ግን ነገ ተመልሶ ክሩን እንደገና መለካት ይቻላል። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው።

"የክበብ ሙከራ ትንሽ ስለሆነ አደጋ የለውም"

በዚህ ላይ አልለሳለስም። የማይክሮዌቭ ምድጃ ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍሉ) ለሞት የሚያደርስ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ አይፈታ። ደረቅ በረዶ በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ ወደ ጋዝ ሲለወጥ መጠኑ በመቶዎች እጥፍ ስለሚያድግ ጠርሙሱ ይፈነዳል፤ በባዶ እጅ አይያዝ፣ አየር በማይዘዋወርበት ክፍልም አይቀመጥ። የጉም ሳጥኑ አልኮል ከእሳት ይራቅ። አንዳንድ ርካሽ አረንጓዴ ሌዘሮች ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ጨረርም ስለሚያወጡ የብርሃኑን ድምቀት ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም። የላብራቶሪ ኃላፊውን አስቀድሞ ማማከር ፈሪነት አይደለም።

"የሻይ ፕሮግራምና ጨዋታ ጊዜ ማባከን ነው፤ ፊዚክስ የብቸኛ ሰው ሥራ ነው"

ሂግስ ቦዞን የተባለውን መሠረታዊ ቅንጣት ክብደት በትክክል የለካው እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጽሑፍ 5,154 ደራሲዎች አሉት። የዛሬው ፊዚክስ ሰው ከሰው ጋር የሚሠራው ሥራ ነው፤ አብሮ መሥራት ደግሞ ከመተዋወቅ ይጀምራል። የአንደኛ ዓመት ተማሪ "ይህ አልገባኝም" የሚለውን ቃል በ200 ሰው ፊት ሳይሆን አብሮት ሻይ ለጠጣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው የሚያወጣው። የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የታወቀበት ተማሪ ለተማሪ የሚያስረዳበት ዘዴም በዚሁ ላይ የቆመ ነው፦ ነገሩን ትናንት የተረዳ ሰው የትኛው ነጥብ እንደሚያደናግር ገና አልረሳም።

ኮከብ የማየት ምሽት፣ የጥያቄና መልስ ውድድር፣ ሙከራ ይዞ ትምህርት ቤቶችን መጎብኘት፣ ሁሉም ቦታ አላቸው። ነገር ግን ሁሉም ዝግጅት ማታ ብቻ ከሆነ ከግቢ ውጭ የሚኖሩና አምሽተው መመለስ የማይችሉ፣ በተለይም ሴት ተማሪዎች፣ ይቀራሉ። ሰዓቱን የሚመርጡ ሰዎች ይህን አስቀድመው ያስቡበት።

"ጎበዝ ሊቀመንበር ከተመረጠ ክበቡ በራሱ ይሄዳል"

ሊቀመንበሩ ሲመረቅ ክበቡም አብሮት ይመረቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በእያንዳንዱ ፕሮጀክት ላይ አንድ አዲስ ገቢ ተማሪ ይመደብ፤ ዕቃው ከየት እንደተገኘ፣ ምን እንዳልሠራ፣ ማን እንደተባበረ በአንድ መዝገብ ይጻፍ፤ ርክክቡም የፈተና ወቅት ከመድረሱ በፊት ይደረግ።