ሜቲሊን ብሉ ምንድን ነው?

ሜቲሊን ብሉ ሰው ሠራሽ ቀለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 ጀርመናዊው ኬሚስት ሃይንሪሽ ካሮ ሲሠራው ለጨርቅ ማቅለሚያ ነበር። ዱቄቱ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሲሆን ውኃ ውስጥ ሲሟሟ ደማቅ ሰማያዊ ይሆናል። እጅ ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ቶሎ አይለቅም።

ላብራቶሪ ውስጥ ቦታ ያገኘውም ስለሚይዝ ነው። አክታ ለቲቢ ሲመረመር ስላይዱ መጀመሪያ በቀይ ቀለም ይነከርና ይሞቃል። ከዚያ በአሲድ አልኮል ይታጠባል። የቲቢ ባክቴሪያ ሽፋኑ ሰም የበዛበት ስለሆነ ቀዩን አይለቅም፤ ሌላው ግን ይለቃል። በመጨረሻ ሜቲሊን ብሉ ሲፈስበት የለቀቀው ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል። ባለሙያው በማይክሮስኮፕ የሚፈልገው በሰማያዊው መሃል ቀጫጭን ቀያይ ዘንጎችን ነው። ለወባ የደም ምርመራ የሚያገለግለው ጊምሳ የሚባል የቀለም ድብልቅ ውስጥም ይኸው ቀለም አለ።

ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኧርሊክ ደግሞ አንድ ነገር አሰበ፦ ቀለሙ ተሐዋሲውን ለይቶ ከያዘ ለምን አይገድለውም? በ1891 ከሐኪሙ ጉትማን ጋር ሆኖ በርሊን ውስጥ ለሁለት የወባ ሕሙማን ሰጠ፤ ዳኑም። ሽንታቸው ሰማያዊ መሆኑ እንግዲህ የማይቀር ነው።

ለእኔ ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ኤሌክትሮን መቀበልና መስጠት መቻሉ ነው። ኤሌክትሮን ሲቀበል ቀለም አልባ ይሆናል፤ ኦክስጅን ሲያገኝ መልሶ ሰማያዊ ይሆናል። ግሉኮስና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ካለበት ውኃ ጋር ጠርሙስ ውስጥ ጨምራችሁ ብታስቀምጡት ሰማያዊነቱ ይጠፋል። ስትንጡት ከች ይላል!

ሐኪሞች የሚጠቀሙበትም ይህንኑ ጠባይ ነው። አንዳንድ መድኃኒቶችና ኬሚካሎች የሄሞግሎቢንን ብረት ኤሌክትሮን ይነጥቁታል። ያ ደም ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፤ መልኩ ቸኮሌት ይመስላል፤ የበሽተኛው ከንፈርም ይጠቁራል። በደም ሥር የተሰጠ ሜቲሊን ብሉ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ ኤሌክትሮን ይቀበልና ለብረቱ ያስረክባል። መጠኑ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። ከበዛ ያንኑ በሽታ ራሱ ያመጣል።

ሰሞኑን ኢንተርኔት ላይ «አእምሮ ያነቃል» እየተባለ በጠብታ ይሸጣል። እኔ አልሞክረውም። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም የሚያንሰው ሰው ከወሰደው ቀይ የደም ሴሎቹ ሊፈርሱ ይችላሉ። እንደ ፍሉኦክሰቲን ካሉ የድብርት መድኃኒቶች ጋር ከተገናኘም ሴሮቶኒን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል ከልክ አልፎ ሕይወት እስከማሳጣት ሊደርስ ይችላል።