ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? በየቤቱ የሚባለውና እውነታው

በዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር አበሾች ደለስ ኤርፖርትን ደጃችን አድርገነዋል። አንዱን እንግዳ ተቀብለን ሳናበቃ ሌላው ይመጣል። በዚህ ምልልስ ስለ በረራው ያልሰማሁት ነገር የለም።

«ማታ 4 ሰዓት ተነስቶ ጠዋት 2 ሰዓት ይገባል፤ 10 ሰዓት ብቻ ነው»

ትኬቱ ላይ መነሻው በአዲስ አበባ፣ መድረሻው በዋሽንግተን ሰዓት ነው የሚጻፈው። ሁለቱን መቀናነስ ከዶላር ላይ ብር እንደ መቀነስ ነው። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ከመጋቢት መባቻ እስከ ጥቅምት መገባደጃ ግድም 7፣ በቀረው ጊዜ 8። ሰዓት የሚቀይሩት አሜሪካኖቹ ናቸው፤ ኢትዮጵያ አትነካካውም። እና 10 ላይ 7 ሲደመር፣ መሃል ላይ የሚቆምበትን ጨምሮ 17 ሰዓት ይሆናል። ሲመለስ ተገላቢጦሽ ነው። ከደለስ ረፋድ 5 ሰዓት ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ቦሌ ቢገባ 20 ሰዓት የበረረ ይመስላል። 7 ቀንሱለት፤ 13 ነው።

«ትኬቱ ማክሰኞ ይላል፤ ማክሰኞ ማታ እንሸኛቸዋለን»

ዋጋ የሚያስከፍለው ይሄኛው ነው። ማክሰኞ 00፡40 የሚል ትኬት ሰኞ ለማክሰኞ ሌሊት፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 ማለት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ይቀየራል፤ ለእኛ ሰው ግን ካልነጋ ገና ሰኞ ነው። ስለዚህ ሻንጣው ከቤት የሚወጣው ሰኞ ማታ ነው። አክስቴ ድፎው ተቆርሶ፣ ተመርቀው፣ ሰፈሩ ሁሉ አጅቧቸው ማክሰኞ ማታ ቦሌ ደረሱ። አውሮፕላኑ ከሄደ ውሎ አድሯል።

«አውሮፕላኑ አቅም ስለሌለው ነው መንገድ ላይ የሚያርፈው»

በአጭሩ መንገድ ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሪምላይነር የሚባለው አውሮፕላን ከ13,000 በላይ ይበራል። ችግሩ ያለው ቦሌ ላይ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። በስስ አየር ክንፉም ሞተሩም ጉልበታቸው ይቀንሳል። ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ጭነትና ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት አይሆንለትም፤ ስለዚህ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሳና መንገድ ላይ ይሞላል። ደለስ ግን ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ያው አውሮፕላን ከዚያ ነዳጁን ጢም አድርጎ ተነስቶ በቀጥታ ቦሌ ይገባል።

«ደብሊን ድረስ ወስዶ ያዞረናል»

ማረፊያው በየጊዜው ተቀያይሯል፤ ሮምም፣ የአየርላንዷ ደብሊንም፣ የቶጎዋ ሎሜም ነበር። ብዙ ሰው ሎሜ መንገድ ላይ ያለች፣ ደብሊን ግን ዳር ያለች ይመስለዋል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርታ ነው የሚያታልለን። ሉል ካላችሁ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ክር ወጥሩ። ክሩ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ አልፎ ስፔን ላይ ይወጣል። በደብሊን መሄድ በዚህ ላይ የሚጨምረው 300 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በሎሜ ከሆነ ግን ከ1,000 በላይ ነው። እኔም ራሴ አስልቼ እስካይ ድረስ አላመንኩም ነበር።

«ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ወደ አሜሪካ መብረር ይፈጥናል»

አየሩም ከምድር ጋር አብሮ ይዞራል፤ አውሮፕላኑ ያለው ደግሞ አየሩ ውስጥ ነው። ለውጥ የሚያመጣው በ10 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ነው። አንዳንዴ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። ወደ አሜሪካ ስንሄድ ፊት ለፊት ይገጥመናል፤ ስንመለስ ከኋላ ይገፋናል።

«አርፏል፤ ቶሎ ድረስ!»

አውሮፕላኑ አረፈ ማለት እንግዳው ወጣ ማለት አይደለም። የኢሚግሬሽን ሰልፍ አለ፤ ሻንጣ መጠበቅ አለ። በርበሬና ሽሮ የሞላው ሻንጣ ከተፈተሸ ደግሞ ሌላ ጊዜ ነው። እኔ ካረፈ በኋላ ነው ቡናዬን የማፈላው።